ስምንት ዓመት የሸሸ ቀጠሮ

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ እቸገራለሁ። ሐኪም «ሐኪም ነኝ» ይላል፣ ያበቃል። ሾፌር ምንም ሳይናገር ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ያሳያል። እኔ ግን «ቀን አስተካክላለሁ» ስል ሰው ሁሉ ትንሽ ፈቀቅ ይልና እንደገና ያየኛል። አንድ ጠዋት ከየካ አባዶ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡ እናት ይህንኑ ብነግራቸው እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው «እስቲ የእኔንም አስተካክልልኝ ልጄ፣ ቀን ጠሞብኛል» አሉኝ። መገናኛ እስክንደርስ ማን እንዳጠመመባቸው በዝርዝር ነገሩኝ። ምራታቸው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው በነጻ ዓይን በሚያሳክም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሯችን የካ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አሮጌ ግቢ ነው። በየክልሉ ያሉት ቅርንጫፎቻችን በየወሩ ሪፖርት ይልካሉ፤ ማን ተመረመረ፣ ማን ተቀጠረ፣ መቼ። እኔ እነዚያን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ሪፖርት አደርጋለሁ። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ሥራ ነው። ቀላል ነው ብሎ የሚጀምረው ሰው ግን አስቀድሞ የእኔን ሽበት ቢያይ ደግ ነው።

የሰሜኑ ቅርንጫፍ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ቀን አስቀድሞ ወር አስከትሎ። የምሥራቁ በፈረንጅ ነው፣ እሱም ወሩን አስቀድሞ። የደቡቡ ለማንም ሳያዳላ ሁለቱንም ይጽፋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አይጽፍም። የምዕራቡ ሪፖርት አቅራቢ ደግሞ ድቁና ሳይኖረው አይቀርም፣ «በአቦ ማግስት» ብሎ ይልክልኛል። ደውዬ «የየትኛው ወር አቦ?» ብለው «ሪፖርቱ የየትኛው ወር ነው?» ብሎ መልሶ እኔኑ ይጠይቀኛል። እውነቱን ነው፤ አመስግኜ እዘጋለሁ።

ጳጉሜንማ ባላነሣት ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አላውቅም ብሏል። እኛ በሩፋኤል ዝናብ ራቁታችንን ወጥተን የታጠብንባትን፣ የበግ ዋጋ ሰምተን የደነገጥንባትን ወር፣ የለችም ብሎ በቀይ ይጽፍብኛል። አንድ ቀን ብቻዬን መሆኔን አረጋግጬ «አለች!» ብዬ ጮኼበታለሁ። ለካ ጽዳት የምትሠራው ልጅ በር ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬን የምታጸዳው እኔ ስወጣ ጠብቃ ነው።

አለቃችን ወይዘሮ ሶስና አንድ ቀን ጠሩኝ። ጎበዝ ሴት ናቸው፣ ግን ትዕግሥታቸው አጭር ነው።

«ይኼ ሪፖርት አንድ ዓይነት ቀን ካልያዘ ለለጋሾች አልልክም» አሉኝ። «አንድ አድርገው። በፈለግከው መንገድ አንድ አድርገው!»

እኔም አንድ አደረግኩት። ስንት ሳምንት ተቀምጬ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ የሚገለብጥ ቀመር ሠራሁ። ዓመቱ ይቀድማል፣ ወሩ ይከተላል፣ ቀኑ ይዘጋል። የአቦን ማግስት ሳይቀር ቦታ አስያዝኩት። ቀመሩ ሥራውን ጨርሶ ቀኖቹ ሁሉ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ሳያቸው፣ ማጋነን አይሁንብኝ፣ ሆዴ ባባ። ጾም ባይሆን ለራሴ ማኪያቶ እጋብዝ ነበር፤ ሻይ በሎሚ ጋበዝኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራችሁ ምክንያት አልነበረም። ሰው ግን አንድ ጊዜ ከተሳካለት ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። በዚያው ሰሞን ከውጭ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ለየካ ታካሚዎች አንድ ቀን ሊሰጡን ነበር። ድሮ ለታካሚ ቀጠሮውን የምታስታውቀው ጸሐፊያችን ነበረች፣ አንድ በአንድ እየደወለች። «ዘመኑ አልፎበታል» አልኩ በስብሰባ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። «ከተስተካከለው ሪፖርት ላይ በቀጥታ በጽሑፍ መልእክት ይላክ።» ወይዘሮ ሶስና ራሳቸውን ነቀነቁ። መልእክቱን እኔው አረቀቅኩት፦ «ውድ ታካሚ፣ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮዎ 2026-03-12፣ 08:00 ነው። እናመሰግናለን።»

አጭር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቀኑ የተስተካከለ ነው። ለሁሉም በአንዴ ላክሁት። እናንተ ይሄኔ ጉዱን አይታችሁታል። እኔ አላየሁትም።

ቀኑ ደረሰ። መጋቢት ሦስት፣ ሐሙስ፣ ባዕታ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ሐኪሞቹ ጓንታቸውን አጥልቀው ቆመዋል። ነገ በጠዋት ዕቃቸውን ጭነው ወደ ደቡብ ስለሚሄዱ ያለን ቀን ይሄ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዘበኛው ውሻ በቀር ወደ ድንኳኑ የገባ ነፍስ የለም።

«ታክሲ ጠፍቶ ይሆናል» አልኩ።

«ለሁሉም?» አሉ ወይዘሮ ሶስና።

«ቀበሌ ስብሰባ ጠርቷቸው ይሆናል» አሉ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋሽ ታዬ። ጋሽ ታዬ ለማንኛውም ችግር መነሻው ስብሰባ ነው ብለው ያምናሉ።

«ደውል!» አሉኝ ወይዘሮ ሶስና።

የመጀመሪያውን ቁጥር መታሁ። የአንዲት ታካሚ ልጅ፣ ጎልማሳ ሰው፣ አነሣ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከዓይን ሕክምናው ነው። የእናትህ ቀጠሮ ዛሬ ነበር እኮ፣ ምነው ቀራችሁ?»

«ዛሬ? ተሳስተሃል ወንድሜ። የእናቴ ቀጠሮ ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት ነው።»

«አዎ! ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት!»

እሱም ለታመመ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ «ወንድሜ፣ አሁን እኮ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነን» አለኝ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።  ልጁ ቀጠለ። «ረጅም ነው ብለን አዝነን ነበር፣ አልደብቅህም። ቢሆንም ነጻ ነው፤ ወረፋው ቢበዛ ነው ብለን ተቀበልነው። እናመሰግናለን።»

ሌላ ሰው ጋ ደወልኩ። ያው ነው። ሦስተኛው ጋ ደወልኩ። ያው ነው። ዓይኑ ለታወረ ሰው የስምንት ዓመት ቀጠሮ ሰጥቼው አንድም የተቆጣ የለም። አንድም ሰው «ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ አልደወለም። ሁሉም አንብቦ፣ ተክዞ፣ ስልኩን ኪሱ ከቷል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለካ እኛ ሰዎች ከመሥሪያ ቤት የመጣ ከሆነ ስምንት ዓመትም ያሳምነናል።

ለወይዘሮ ሶስና ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ብዬ አንገቴን ቀብሬ ነበር። አልጮሁም።

«ድሮ ጸሐፊያችን በስልክ ስትነግራቸው የቀረ ሰው ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አልነበረም።»

«እሺ» አሉ። ያቺን እሺ እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ከዚያ ያልደወለ የለም። ወይዘሮ ሶስና፣ ጸሐፊዋ፣ ጋሽ ታዬ፣ ዘበኛው ሳይቀር በራሱ ካርድ ደወለ። ሰዉ በልጁ፣ በጎረቤቱ፣ በባጃጅ እየተደገፈ መምጣት ጀመረ። ወደ እኩለ ቀን ግድም ድንኳኑ ሞላ፣ እኔም መተንፈስ ጀመርኩ። አንዲት አልጋ ብቻ ባዶ ቀረች። የእማማ አሰገደች። ስልካቸው ዝግ ነው። አሥር ጊዜ ብንሞክር ዝግ ነው።

ምርመራ ያደረጉላቸው የእኛው ሐኪም ከድንኳኑ ብቅ ብለው ጠየቁን። «የእንጦጦዋ እናት የት አሉ? አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በሁለተኛው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ይሄኛው ዛሬ ካልተሠራ የሚቀጥለው የሕክምና ዘመቻ እስኪመጣ የሚቆይ አይመስለኝም።» የሚቀጥለው ዘመቻ መቼ እንደሚመጣ እኛም አናውቅ፣ እሳቸውም አያውቁ።

ወይዘሮ ሶስና ወደ እኔ ዞሩ። «ሂድ። ይዘሃቸው ና። ብቻህን እንዳትመለስ።»

ከጋሽ ታዬ ጋር ሽቅብ ወደ እንጦጦ ተያያዝነው። እሳቸው መሪያቸውን ጨብጠው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን መታገሥ አልቻሉም።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «የፈረንጅ ነው ብሎ ከኋላው መጻፍ ቀለም ይፈጃል እንዴ?»

«አይፈጅም ጋሽ ታዬ።»

«እኔም አይፈጅም ብዬ ነው።» ከዚያ በኋላ አልተናገሩኝም።

አስፋልቱ ያበቃ ቦታ ላይ መኪናው ቆመ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ፓርኩ በር አጠገብ ወጣቶች ብስክሌት ተከራይተው ይስቃሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። እኔ የቢሮ ጫማዬን እንዳደረግኩ በባሕር ዛፉ መሀል ቀጭኗን መንገድ ያዝኩ። ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘሁና የእማማ አሰገደችን ቤት ጠየቅኩ።

«ዓይናቸውን የሚያማቸው? ከላይ ነው፣ ቅርብ ነው» አሉኝ።

የእንጦጦ ሰው ቅርብ ነው ሲላችሁ አትመኑት። እኔ አምኜ ወጣሁ። ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰች። ሌላዋን ጠየቅኩ። «ቅርብ ነው» አለችኝ፣ እሷም ሸክሟን ተሸክማ፣ ላብ ሳይወጣት። አንድ ዛፍ ተደግፌ ትንሽ አረፍኩ። ለስምንት ዓመት የራቀ ቀጠሮ የሰጠሁ ሰው ስለ ሰው ርቀት አነጋገር የማማረር መብት የለኝም ብዬ ተነሥቼ ቀጠልኩ።

በመጨረሻ ቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ አጥሯ የጠበቀ አንዲት ቤት ደረስኩ። በር ላይ ጋቢ የለበሱ ረዥም ሽማግሌ መቋሚያ ይዘው ቆመዋል። ክንዳቸውን የያዙ አንዲት ሴት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል። ወደ ቅዳሴ ሊወጡ ነው።

«እማማ አሰገደች እርስዎ ነዎት?» አልኩ እያለከለክሁ።

«እኔ ነኝ። ማን ነው እንዲህ የሚያለከልከው? ደስታ፣ ውሃ ስጠው።»

ደስታ የሚሏቸው ባላቸውን ነው። አባባ ደስታ ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ ማንነቴን ነገርኳቸው። «ቀጠሮዎ ዛሬ ነው፣ ሐኪሙ እየጠበቀዎት ነው፣ መኪና ከታች አቁመናል» አልኩ።

«ዛሬ አይደለም» አሉ አባባ ደስታ ፈጥነው። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። ከፈቱት። ስልኩ እስኪነሣ ሦስታችንም ቆመን ጠበቅነው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን በክንዳቸው ልክ አርቀው እየጮሁ አነበቡ።

«ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት። ሦስት። አሥራ ሁለት። ሦስተኛ ወር ኅዳር ነው፣ አሥራ ሁለት ደግሞ ሚካኤል። ኅዳር ሚካኤል! ሰዓቱም ስምንት ሰዓት ይላል። በዓሉ ነውና ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን አስበውልን ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኸው፣ የሚያስብልን ሰው አለ እኮ ብያታለሁ።»

«ስልኩን ለምን ዘጉት አባባ?»

«ቀጠሮው ሩቅ ነው። እስከዚያ ባትሪው እንዳያልቅ ብዬ።»

በዚህ ሕይወቴ ብዙ ነገር አስረድቻለሁ። ይኼን ግን ከሥሩ መጀመር ነበረብኝ። «ዓመቱ የፈረንጅ ነው» አልኩ። «ፈረንጆቹ ከእኛ ወደ ስምንት ዓመት ይቀድማሉ። ወሩም የእነሱ ሦስተኛ ወር ነው። ሰዓቱም በእነሱ ነው፣ የእኛ ሁለት ሰዓት ማለት ነው።»

አባባ ደስታ አስበው አስበው «የሚታከመው የፈረንጅ ዓይን ነው እንዴ?» አሉኝ።



እማማ አሰገደች ግን እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘርግተው ትከሻዬን ያዙ። «ልጄ፣ ደግ ሰው መሆንህ ያስታውቃል። ግን የሰው ተራ አልነጥቅም። ከእኔ በፊት ለስምንት ዓመት የሚሆን ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በጨለማ ቆሞ እኔ በጓሮ ልግባ? እዚያ ዘመድ እንዳለን ማን ነገረህ?»

«የማንም ተራ አይደለም እማማ! የራስዎ ነው!»

«እንዲህ እየተባለ ነው እኮ አገር የተበላሸው» አሉ በሐዘን።

ለወይዘሮ ሶስና ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ድንጋይ ላይ ወጣሁ፣ ትንሽ መጣ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ወደ ታች ዘረጋሁላቸው። «እማማ፣ አልጋው ባዶ ነው!» ይላሉ ወይዘሮ ሶስና እየተቆራረጡ። «ሐኪሙ ቆሞ እየጠበቀዎት ነው!»

«ባለ ተራው አሞት ቀርቶስ እንደሆነ?» አሉ እማማ አሰገደች ወደ ሰማይ። «ነገ መጥቶ አልጋዬን ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

ስልኩ ተቋረጠ። ከድንጋዩ ወረድኩና ያለኝን የመጨረሻ ነገር አወጣሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም ሰው ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማንም ቀድሞዎት የለም።»

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። አዘኑልኝ። ስሕተት መሥራቴን ያመኑ ግን አይመስለኝም፤ አለቃዬ እንዳይቆጡኝ የምዋሽ ነው የመሰላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «ባዕታን ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ ከፈለግክ ቆይና ቆሎ ብላ» አሉ።

አባባ ደስታ ግን አልተንቀሳቀሱም። መቋሚያቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው በር ላይ ያለችው መደብ ላይ ቁጭ አሉ።

«አሰገደች» አሉ።

«አቤት።»

«ከልጁ ጋር ሂጂ።»

«አልነጥቅም አልኩህ እኮ ደስታ።»

«እኔ በስምንት ዓመት የለሁም።»

እማማ አሰገደች ፊታቸውን ወደ መደቧ አዞሩ።

«መልእክቱ የመጣ ዕለት አስቤዋለሁ» አሉ አባባ ደስታ። ድምፃቸው ሪፖርት እንደሚያነብ ሰው ነበር። «ዕድሜዬን ታውቂዋለሽ። ለጎረቤታችን ልጅ፣ ለዘነበች፣ አደራ ብያታለሁ። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ እጇን ይዘሽ ውሰጃት። ወንዟ ጋ ስትደርሱ ቀስ በይ፣ እዚያ ትሰናከላለች። ሰው ሲበዛ ትደነግጣለችና ድምፅሽን አሰሚያት። ጫማዋንም ጥቁሩን አድርጊላት ብያታለሁ።»

ቆሜ ሰማሁ። ያን ሁሉ ሳምንት የለፋሁበት ቀመር፣ ያ ሰልፉ ያማረ ቀን፣ እኚህን ሽማግሌ ለራሳቸው ሞት ቦታ እንዲያስይዙ አድርጓቸዋል። እኔ ቢሮ ሻይ በሎሚ ስጠጣ እሳቸው እዚህ ሚስታቸውን ለጎረቤት ልጅ አደራ ይሰጣሉ። አፈርኩ። እንባዬ መጣ፣ ላብ አስመስዬ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

«ይኼን ሁሉ መች ሠራኸው?» አሉ እማማ አሰገደች ቀስ ብለው።

«አንቺ ስትተኚ።»

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?»

እማማ አሰገደች መደቧን ዳስሰው ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡና «ጥቁሩ ጫማ ይጠበኛል» አሉ። «ቡኒው ነው የሚሻለኝ። ይኼን ስንት ዓመት አብረን ኖረን እንዴት አታውቅም? አቀብለኝ። አንተ ልጅ፣ መኪናው የት ነው ያልከው?»

ቁልቁለቱን ወረድን። አባባ ደስታ ከፊት፣ እማማ አሰገደች ክንዳቸውን ይዘው ከኋላ፣ እኔ ደግሞ ልደግፋቸው ብዬ ከጎን። ብዙም ሳንሄድ የቢሮ ጫማዬ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አንሸራተተኝና በጀርባዬ ጭቃ ላይ ተዘረጋሁ።

«ማን ነው የወደቀው?» አሉ እማማ አሰገደች ደንግጠው።

«ዓይን ያለው ነው» አሉ አባባ ደስታ፣ ሳይዞሩ።

ጋሽ ታዬ በሩን ከፍተው ጠበቁን። ሱሪዬን አዩና መቀመጫው ላይ ጋዜጣ አነጠፉልኝ። ግቢው ስንደርስ ወይዘሮ ሶስና እየሮጡ መጥተው እማማ አሰገደችን ተቀበሉ። አባባ ደስታ ከመኪናው ወርደው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ መልሰው አዩ፣ ደስ አላቸው።

«ስምንት ሰዓት ነው» አሉ። «እንዲያውም በሰዓታችን ነው የደረስነው።»

ወይዘሮ ሶስና አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

እማማ አሰገደች ገቡ። አባባ ደስታ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጠበቁ። ውሃ ብሰጣቸው እንቢ አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የማወራው ስለሌለኝ ስለ ቀመሩ አወራኋቸው፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሐኪሙ ወጥተው «በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል፣ ነገ ጠዋት ይፈታል» ሲሉ አባባ ደስታ ተነሥተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፣ ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው መልሰው ተቀመጡ። ያን ዕለት ወደ አባዶ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ጭቃዬን አይተው ይመስለኛል።

በነጋታው በጠዋት፣ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን መኪና ላይ ሲጭኑ፣ ነርሷ የእማማ አሰገደችን ፋሻ ፈታች። ሁላችንም ዙሪያውን ቆመናል። እማማ አሰገደች ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት አደረጉ። መጀመሪያ የነርሷን ነጭ ጋውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አዩ፣ አገላብጠው። ከዚያ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። ብዙ አዩዋቸው።

«ደስታ» አሉ።

«አቤት አሰገደች።»

«ይኼ ነው ትናንት ታጥቧል ያልከኝ ጋቢ?»

አባባ ደስታ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሳቅ ነው የመጣላቸው፣ ሳቁን ሳይጨርሱ ማልቀስ ጀመሩ። በጋቢው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ጋቢው ባሰ። ወይዘሮ ሶስና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ያ የወደቀው ልጅ የት አለ?» አሉ እማማ አሰገደች። ወደ አልጋው ቀረብኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ቀጠሯችንን ያበላሸኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ግን አሁን አስተካክለነዋል። ከእንግዲህ በእኛው ወር፣ በእኛው ሰዓት ነው የምንልከው። ጸሐፊያችንም ትደውላለች። የቀረ የተሳሳተ ቀን የለም።»

«ጠጋ በል» አሉኝ። ጠጋ አልኩ። አባባ ደስታ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ መልእክት የመጣ ዕለት ለሚካኤል ተስያለሁ። እስከዚያ ኅዳር ድረስ ሁለታችንንም አቆየን፣ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ። እኔን ብቻ አላልኩም፣ ሁለታችንንም ነው ያልኩት። እሱም የሰማኝ መሰለኝ።» እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። «አደራህን ልጄ፣ ሚካኤል ጋ ያለውን ቀን እንዳትነካብኝ።»

«አልነካውም እማማ» አልኳቸው።